የተዛመተ የቆዳ ካንሰርን በታካሚው ሕዋስና በኢሚውኖቴራፒ መድኃኒት አጣምሮ ማከም፦ እንዴት ይሠራል? እስከ ምን ድረስ ያስተማምናል?

ከ2011 በፊት ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል የተዛመተ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዓመት አይዘልቁም ነበር። ዛሬ ታሪኩ ተለውጧል። ቼክሜት 067 በተባለው ትልቅ ጥናት ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉትን የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች (የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰር ላይ የሚያነሳሱ) አብረው ከወሰዱት ታካሚዎች 43 በመቶዎቹ ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ቁጥሩ ሲገለበጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ አልደረሱም።

በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እነዚህ መድኃኒቶች ላልሠሩላቸው ሰዎች ሊፊሉሴል የተባለ ሕክምና ፈቀደ። ሊፊሉሴል ከታካሚው ከራሱ ዕጢ ከተወሰዱ ሕዋሳት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ለጠጣር ዕጢ (ከደም ካንሰር ውጭ ላለ ዕጢ) የተፈቀደ የመጀመሪያው የቲ-ሴል (የነጭ የደም ሕዋስ) ሕክምና ነው። አሁን ሐኪሞች የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ እስኪከሽፍ ለምን ይጠበቃል? ሁለቱ ከመጀመሪያው አብረው ቢሰጡስ? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜላኖማ ምን ዓይነት ካንሰር ነው?

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ይነሳል። ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም የመዛመት ጉልበቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ጨረር ጋር ይያያዛል። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ላይ ደግሞ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይበረታል። ቦብ ማርሌን በ1981 የገደለው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነበር። ይህኛው ዓይነት የዘረመል ለውጡ አነስተኛ ስለሆነ ለኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች የሚሰጠው ምላሽም ደከም ያለ ነው።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ቲ-ሴል በሰውነት ውስጥ እየዞረ የታመመ ሕዋስ የሚለይና የሚገድል ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የካንሰር ሕዋስ ዘረመሉ ስለተለወጠ ጤነኛ ሕዋስ የሌለውን የፕሮቲን ቁራጭ በገጽታው ላይ ያሳያል። ያንን ቁራጭ የሚያውቅ ቲ-ሴል ሲያገኘው ያጠቃዋል።

ቲ-ሴል ማጥቃት ሲጀምር ግን ራሱን የሚገታበትን ልጓምም አብሮ ያወጣል። ከልጓሞቹ ዋነኛው ፒዲ-1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ልጓሙ ለጤና አስፈላጊ ነው፤ ባይኖር ቲ-ሴሎቻችን በገዛ አንጀታችንና በሳንባችን ላይ ይነሱ ነበር። ዕጢው የሚጠቀመው በዚህ ነው። ቲ-ሴል ሲያጠቃ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካል ይረጫል፤ ዕጢው ይህ ሲደርሰው ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን በገጽታው ላይ ያበዛል፤ ፒዲ-ኤል1 ደግሞ ፒዲ-1ን ይዞ ልጓሙን ይስባል። ስለዚህ ጥቃቱ በበረታ ቁጥር መገታቱም ይበረታል።

ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ፒዲ-1 ላይ ተለጥፈው ይህን መያያዝ የሚከለክሉ ፀረ-አካላት ናቸው። ኢፒሊሙማብ ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላ ልጓም ይፈታል። የሁለቱን ልጓሞች አሠራር በመግለጥ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ታዲያ ለምን በሁሉም ላይ አይሠራም?

መድኃኒቱ ልጓም ይፈታል እንጂ ፈረስ አያመጣም። ዕጢውን የሚያውቁ ቲ-ሴሎች ከመጀመሪያው ጥቂት ከሆኑ፣ ወይም ዕጢው ውስጥ ለወራት ሲዋጉ ቆይተው ደክመው ካበቁ፣ የሚፈታው ልጓም የለም።

ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ዕጢ የፕሮቲን ቁራጮቹን በገጽታው ላይ የሚያሳይበትን መደርደሪያ፣ በተለይ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለውን ክፍል፣ በሚውቴሽን (በዘረመል ለውጥ) ያጣል። መደርደሪያው ከሌለ ቲ-ሴሉ ዕጢውን ከጤነኛ ሥጋ መለየት አይችልም። ይህ ሲሆን ልጓም መፍታትም ሆነ ቲ-ሴል ማብዛት ብዙም አይረዳም፤ ስለዚህ ማጣመሩም መፍትሔ የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ ማለት ነው።

የሕዋስ ሕክምናው ከምን ተነሳ?

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የቀዶ ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ስቲቨን ሮዘንበርግና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ይዘው ተነሱ። ዕጢ ውስጥ ዘልቀው የገቡ ቲ-ሴሎች ዕጢውን ያውቁታል ማለት ነው፤ ቁጥራቸው ግን አያሸንፍም። ስለዚህ አውጥቶ፣ ከሰውነት ውጭ አባዝቶ መመለስ። በ1988 በሜላኖማ ታካሚዎች ላይ ያገኙትን የመጀመሪያ ውጤት አሳተሙ። እነዚህ ሕዋሳት በባለሙያዎች ዘንድ ቲል በሚል አጭር ስም ይጠራሉ።

ቲል ከካር-ቲ ጋር በተደጋጋሚ ስለሚምታታ ልዩነቱን እዚህ ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። በካር-ቲ ሕክምና ቲ-ሴሎች ከደም ይወሰዱና አንድ የታወቀ ዒላማ እንዲለዩ ዘረመላቸው ይቀየራል። ቲል የሚወሰደው ከዕጢው ነው፤ በሊፊሉሴል ዘረመሉ አይነካም፤ የሚለያቸውም ዒላማዎች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም የዚያ ሰው ዕጢ ብቻ ያሉት። ለዚህ ነው የአንዱ ሰው ቲል ለሌላው የማይሆነው። «የመከላከል አቅምን ከፍ ያደርጋል» እየተባለ ከሚሸጥ ማንኛውም ቫይታሚንም ሆነ መርፌ ጋር ደግሞ ጭራሽ ግንኙነት የለውም።

ሕዋሶቹ እንዴት ይዘጋጃሉ?

ሥራው የሚጀምረው በቀዶ ሐኪሙ ነው። ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕጢ፣ ወይም በድምሩ ያን ያህል የሚሆኑ ትናንሽ ዕጢዎች፣ ተቆርጠው ይወጣሉ። የትኛው ዕጢ እንደሚመረጥ ወሳኝ ነው። ቆዳውን ቀዶ የቆሰለ ዕጢ ባክቴሪያ ስለሚይዝ ሙሉውን ዝግጅት ሊበክል ይችላል። መካከሉ የሞተ ዕጢ ሕያው ሕዋስ አይሰጥም። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ያለ ወይም በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ያለ፣ ሳይቆስል ያደገ ዕጢ ይመረጣል።

የወጣው ዕጢ ስቡና የሞተው ክፍል ተነጥሎ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ወደ ማምረቻው ይላካል። እዚያ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቁራጮች ይከተፋል። ቁራጮቹ ኢንተርሉኪን-2 የተባለው የቲ-ሴል ማሳደጊያ በብዛት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ለ11 ቀናት ይቀመጣሉ። ቲ-ሴሎቹ ከቁራጩ እየወጡ ፈሳሹ ውስጥ ይራባሉ፤ የካንሰር ሕዋሳቱ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ዙር፣ ለሌላ 11 ቀናት፣ ቲ-ሴልን የሚቀሰቅስ ፀረ-አካልና በጨረር እንዳይራቡ የተደረጉ የሌላ ሰው የደም ሕዋሳት ይጨመሩበታል፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያሻቅባል።

በ22ኛው ቀን ሕዋሶቹ ታጥበው፣ ከረጢት ውስጥ ገብተው በፈሳሽ ናይትሮጅን ተን ይቀዘቅዛሉ። ባክቴሪያ እንደሌለባቸው፣ ምን ያህሉ በሕይወት እንዳሉና ሲቀሰቀሱ ኢንተርፌሮን ጋማ መርጨታቸው ይመረመራል። ምርመራው ሲታከልበት ዕጢው ማምረቻው ከደረሰ እስኪመለስ 34 ቀናት ገደማ ይወስዳል። የሚፈቀደው መጠን በሕይወት ያሉ ከ7.5 ቢሊዮን እስከ 72 ቢሊዮን ሕዋሳት ነው።

ሆስፒታል ውስጥስ ምን ይደረጋል?

ሕዋሶቹ ከመሰጠታቸው በፊት ታካሚው ለአንድ ሳምንት ያህል ጠንካራ ኬሞቴራፒ ይወስዳል፤ ሳይክሎፎስፋማይድ በኪሎ ግራም ክብደት 60 ሚሊ ግራም ለ2 ቀናት፣ ፍሉዳራቢን በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 25 ሚሊ ግራም ለ5 ቀናት። ኬሞው የሚሰጠው ካንሰሩን ለመግደል አይደለም፤ ቦታ ለማስለቀቅ ነው። ነባሮቹ ቲ-ሴሎች አዲሶቹ የሚያድጉባቸውን ንጥረ ነገሮች ይሻማሉ፤ ከመካከላቸውም ጥቃትን የሚያበርዱ ተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎች አሉ። ይህ የማስለቀቅ ዘዴ ከ2002 ጀምሮ የታተሙ ውጤቶችን ከቀደሙት በእጅጉ አሻሽሏል።

ከዚያ ከረጢቶቹ ቀልጠው በደም ሥር ይሰጣሉ። ከ3 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ኢንተርሉኪን-2 ይጀመራል፤ በየ8 እስከ 12 ሰዓቱ፣ ቢበዛ 6 ጊዜ። ከሕክምናው ሁሉ ለታካሚው የሚከብደው ይህ ነው። ሰውነት በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሽንት ይቀንሳል። ስለዚህ ቦታው የጽኑ ሕሙማን ክፍል በቅርብ ያለበት ሆስፒታል መሆን አለበት፤ የልብና የሳንባ ምርመራም አስቀድሞ ግድ ነው።

ሁለቱ ሲጣመሩ ምን ይጨመራል?

መድኃኒቱ ፈረስ እንደሚያንሰው ሁሉ የሕዋስ ሕክምናውም ልጓም የሚፈታ ይጎድለዋል። ሰውነት ውስጥ የገቡት ቢሊዮን ሕዋሳት ዕጢው ላይ ሲደርሱ ማጥቃት ይጀምራሉ፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ይረጫሉ፤ ዕጢውም ፒዲ-ኤል1 አውጥቶ ይገታቸዋል። ማምረቻው ውስጥ የታደሱ ሕዋሳት በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ድካማቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ፒዲ-1ን የሚከለክለው መድኃኒት በዚያ ሰዓት በደም ውስጥ ካለ ይህን ክስተት ያዘገያል። የማጣመሩ መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው።

ከዚህ ጀርባ ደግሞ ብዙም የማይወራ፣ ግን ጠንካራ የሆነ ሌላ ምክንያት አለ። በብሔራዊ የካንሰር ተቋም ቲል የተሰጣቸው ታካሚዎች መዝገብ ሲታይ፣ ቀደም ብለው የፒዲ-1 መድኃኒት ካልወሰዱት መካከል 56 በመቶዎቹ ዕጢያቸው ቀንሷል፤ መድኃኒቱ ከከሸፈባቸው መካከል ግን 24 በመቶዎቹ ብቻ። መድኃኒቱን የረታ ዕጢ ብዙ ጊዜ ቲ-ሴልን ራሱን የሚረታበት ዘዴ አግኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሕዋሶቹን ቀድሞ መስጠት፣ ዕጢው ገና ሳይለምድ፣ የራሱ ጥቅም ያለው ይመስላል። በሌላ አባባል፣ ከማጣመሩ የሚገኘው ትርፍ ከፊሉ የመቅደም ትርፍ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ መቼ ይሰጣል?

ቅደም ተከተሉ እንደ ዘበት የሚታይ አይደለም። አንዱ አማራጭ መድኃኒቱን ዕጢው ከመውጣቱ በፊት መስጠት ነው። ሲቲኤልኤ-4ን የሚከለክለው ኢፒሊሙማብ አዳዲስ ቲ-ሴሎች ወደ ዕጢው እንዲገቡ ስለሚገፋ፣ የሚመረቱት ሕዋሳት ዓይነታቸው እንዲበዛ ይረዳል ተብሎ ተሞክሯል።

ሊፊሉሴልን ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ባጣመረው ጥናት የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ዕጢው ይወጣል፤ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ፔምብሮሊዙማብ ይሰጣል፤ ከዚያ ኬሞ፣ ሕዋስ፣ ኢንተርሉኪን-2፤ ከዚያ ፔምብሮሊዙማብ በየ3 ወይም በየ6 ሳምንቱ እስከ 2 ዓመት ይቀጥላል። ቀድሞ የሚሰጠው አንዱ መጠን ትንሽ ይመስላል እንጂ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሕዋሱ እስኪመረት ባሉት ሳምንታት ታካሚው ያለ ምንም ሕክምና አይቆይም። በተጨማሪም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን 22 ቀናት ገደማ ይወስድበታል፤ ኬሞው ቲ-ሴሎችን እንጂ ፀረ-አካሉን አያጠፋም፤ ስለዚህ ሕዋሶቹ ሲገቡ መድኃኒቱ እዚያው ይጠብቃቸዋል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በዚህ ዘርፍ «ምላሽ» ሲባል በምስል የሚለኩት ዕጢዎች የስፋታቸው ድምር ቢያንስ በ30 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው፤ ዳነ ማለት አይደለም። ዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ስለሚታይ ይህን ይዞ ማንበብ ይሻላል።

ቲል ብቻውን ያለውን አቅም በደንብ ያሳየው በ2022 የታተመው የኔዘርላንድስና የዴንማርክ ጥናት ነው። 168 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቲል፣ ግማሾቹ ኢፒሊሙማብ ወሰዱ። በቲል በኩል 49 በመቶ፣ በኢፒሊሙማብ በኩል 21 በመቶ ምላሽ ታየ፤ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜም 7.2 ወር ከ3.1 ወር ነበር። ኤፍዲኤ ሊፊሉሴልን እንዲፈቅድ ባደረገው ጥናት ደግሞ ብዙ ሕክምና ከከሸፈባቸው 153 ሰዎች 31 በመቶዎቹ ምላሽ ሰጥተዋል፤ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 20 በመቶ ያህል ናቸው።

ሁለቱ ሲጣመሩስ? የፒዲ-1 መድኃኒት ወስደው የማያውቁ 23 ታካሚዎች ሊፊሉሴልና ፔምብሮሊዙማብ ወስደው በ15ቱ ምላሽ ታይቷል፤ በ7ቱ ዕጢው በምስል እስከማይታይ ጠፍቷል። 65 በመቶ ነው፤ የሚያጓጓ ቁጥር ነው። ነገር ግን በ23 ሰው ላይ የተመሠረተ 65 በመቶ ትክክለኛው መጠን ከ43 እስከ 84 በመቶ መካከል የትም ሊሆን እንደሚችል ነው የሚነግረን። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ፣ ያለ ቀዶና ያለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ 58 በመቶ ምላሽ አስገኝተዋል። ከዚህ የተነሳ ጥምረቱ ተስፋ አለው ማለት ይቻላል፤ ከነባሩ ይበልጣል ለማለት ግን 23 ሰው አይበቃም።

ጥያቄውን እንዲመልስ በ2023 የተጀመረው ቲልቫንስ-301 የተባለው ጥናት ነው። 670 ያህል አዲስ ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን ፔምብሮሊዙማብን ብቻ፣ ለሌላው ከሊፊሉሴል ጋር ይሰጣል። ፔምብሮሊዙማብ ብቻ ወስደው በሽታው የተባባሰባቸው በኋላ ሊፊሉሴል እንዲያገኙ ይፈቀዳል። ይህ ለታካሚዎቹ ፍትሐዊ ነው፤ በመጨረሻ በሕይወት በመቆየት ያለውን ልዩነት ለማንበብ ግን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

የመጀመሪያው ጠላት ጊዜ ነው። ለሊፊሉሴል ጥናት ዕጢ ከተወሰደላቸው 189 ሰዎች ሕዋሱ የተሰጣቸው 156ቱ ናቸው። በመጠባበቅ ላይ እያሉ በሽታው የሚጥላቸው፣ ሕዋሱ በበቂ የማይራባላቸው አሉ።

ሁለተኛው መርዛማነቱ ነው። ኬሞው መቅኔን ስለሚያዳክም ነጭ የደም ሕዋስና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት በጣም ይወርዳሉ፤ ትኩሳት፣ ኢንፌክሽንና ደም መፍሰስ ይከተላሉ። በኤፍዲኤ የመድኃኒት መግለጫ ላይ ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ሞት 7.5 በመቶ ተብሎ ተመዝግቧል።

በጥምረቱ ላይ የሚጨመረው ችግር ግን የተለየ ነው፤ የአንዱ መዘዝ በሌላው ውስጥ ይደበቃል። የፒዲ-1 መድኃኒቶች የአንጀት፣ የጉበት፣ የሳንባ ብግነት፣ የታይሮይድ መድከም ያስከትላሉ። አንዳንዴም ፒቱታሪ የተባለውን ሆርሞን አመንጪ የአንጎል ሥር ዕጢ፣ በዚያም ምክንያት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያደክማሉ። ኮርቲሶሉ የወረደ ሰው ኢንተርሉኪን-2 ሲወስድ የደም ግፊቱ ከተጠበቀው በላይ ይወድቃል፤ ሐኪሙ የኢንተርሉኪን-2 ሥራ ነው ብሎ ፈሳሽ ብቻ ከሰጠ አደገኛ ነው። ስለዚህ ኮርቲሶልና የታይሮይድ ሆርሞን ኬሞው ከመጀመሩ በፊት መለካት አለባቸው፤ ከጎደሉም መተካት።

ሌላው አጣብቂኝ ብግነትን የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው። በመድኃኒቱ የተነሳ የአንጀት ብግነት ሲበረታ ማከሚያው በኪሎ ግራም ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ይኸው ስቴሮይድ በስንት ድካም የተመረቱትን ሕዋሳት ይገድላል። ለዚያ ነው ሕዋስ ሲሰጥ የሚነሳውን ብርድና ትኩሳት ለመከላከል በፓራሲታሞልና በፀረ-አለርጂ መድኃኒት የሚወሰነው። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ስቴሮይዱ ይሰጣል፤ ምርጫ የለም።

ለምጽ የሚመስል የቆዳ መንጣትም ሊወጣ ይችላል። ቲ-ሴሎቹ ጤነኛውንም የቀለም ሕዋስ ስለሚያጠቁ ነው፤ አይጎዳም፤ ሐኪሞች እንዲያውም እንደ በጎ ምልክት ያዩታል። ዓይን ከቀላና ብርሃን ካስቸገረ ግን በቶሎ መታየት አለበት።

ወደፊት ምን እየተሞከረ ነው?

መድኃኒቱን ለ2 ዓመት ከመስጠት ይልቅ የፒዲ-1ን ዘረመል ከሕዋሶቹ ላይ በምርት ጊዜ ቆርጦ ማውጣት በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጓሙ የሚጠፋው ከተሰጡት ሕዋሳት ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው የሰውነት ክፍል ከብግነቱ ይድናል ተብሎ ይገመታል። ሌሎች ደግሞ ሕዋሱ የራሱን ማሳደጊያ ይዞ እንዲገባ በማድረግ ኢንተርሉኪን-2ን ጨርሶ ለማስቀረት ይሞክራሉ።

ሕክምናው ለማን አይሆንም? አስቀድሞ ምን ይታሰብ?

ልቡ፣ ሳንባው ወይም ኩላሊቱ ኢንተርሉኪን-2ን የማይችል ሰው፣ አንጎሉ ውስጥ ያልታከመ ዕጢ ያለበት፣ ስቴሮይድ ማቆም የማይችል፣ ወይም በሽታው አንድ ወር የማይጠብቅ ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈለግለታል። ብራፍ በተባለው ዘረመል ላይ ሚውቴሽን ላለባቸው፣ ግማሽ ያህል የሜላኖማ ታካሚዎች ናቸው፣ በፍጥነት የሚሠሩ ክኒኖች አሉ።

የተዛመተ ሜላኖማ ያለበት ሰው ለሕዋስ ሕክምና ሊታጭ ይችላል ከተባለ፣ ቀጣዩ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ከመወሰኑ በፊት ቲል ከሚሰጥ ማዕከል ጋር መነጋገር ይገባል። ለመውጣት የሚመቹት ዕጢዎች ሁሉ በጨረር ከተመቱ ሕዋስ የሚገኝበት ቦታ ይጠፋል። ለምርመራ ተቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ የገባ ዕጢም፣ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ውስጡ የነበሩት ቲ-ሴሎች በሙሉ ሞተዋል።